ሹራብ፣ ድመት እና የጓሮው ሲሚንቶ

ዛሬ ቤታችን ሰላም የሚባል ነገር የለም። ጓሮ ግንበኞቹ የዕቃ ቤቷን ወለል ኮንክሪት እየሞሉ ነው፣ አቧራው በር ዘጋሁም አልዘጋሁም ይገባል። ሹራቤን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ብብቱ ጋ ስለደረስኩ የክሩን ቀለበቶች እየቆጠርኩ መቀነስ አለብኝ (እዚህ ቦታ ላይ ማንም ባያናግረኝ ደስ ይለኛል)።

ትልቋ ድመት ልቃቂቱን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። አምጪ ብላት ትሰማለች? ሰው ያስቀዋል እንጂ ክር ለድመት ቀልድ አይደለም። ምላሷ ላይ ያሉት እሾህ መሳይ ነገሮች ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ስለሆኑ አንዴ ከያዘች መትፋት ይከብዳታል፣ ከዋጠችው ደግሞ አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ጫፉ በአፏ ወይም በኋላዋ ወጥቶ ካያችሁ እንዳትጎትቱት፣ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

እሷን ስለማመጥ ትንሹ በመስኮት ወጥቶ እርጥቡ ኮንክሪት ላይ ተንሸራሸረበት! ግንበኛው "ፈረመልሽ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አፈፍ አድርጌ ወደ ውሃ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ እግሩን ሲልስ ደግሞ አፉን። ታጠበ፣ ቧጨረኝ፣ አኮረፈ።

ኮቴው ያረፈበትን አስተካክሉት አላልኩም፣ ይቅርልኝ። ወለሉ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ እሱ የባሌ ሥራ ነው። እኔ እጅጌዬን ልጨርስበት።