ፎቶው ላይ የወጣው ምልክት ከየት መጣ?

ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ስናጥብ ምንጩ ያልታወቀ ምልክት ሲወጣ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኬሚካሉን ሁሉ ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ ነው። እባካችሁ አትድፉ። ሌንሱንም አትወልውሉ፣ ወረቀቱንም አትቀይሩ፣ ገና ነው። ሁሉንም ባንዴ ከቀየራችሁ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ግን ምን እንዳጠፋው ስለማታውቁ ሌላ ቀን ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የተበላሸውንም ፎቶ አትጣሉት። ኢንላርጀሩ (የፊልሙን ምስል አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚጥለው መሣሪያ) ሥር እያለ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ማስረጃችሁ እሱ ነው።

መጀመሪያ ምልክቱን በደንብ እዩት። ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ሥራ ታቀልላለች። ኔጋቲቭ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የወጣበት ፊልም) ላይ ያረፈ አቧራ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ነጥብ ከሆነ ግን ኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ፎቶው ሲነሳ ካሜራው ውስጥ ፊልሙ ላይ አቧራ ነበረበት፤ አሁን ኔጋቲቩን የቱንም ያህል ብትጠርጉት አይለቅም። ጭረትም እንደዚያው ነው። ፊልሙ በጀርባው በኩል ከተጫረ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነጭ መስመር ይወጣል፣ ምስሉ ባለበት በኩል ተፍቆ ከተነሳ ግን መስመሩ ጥቁር ይሆናል።

የምልክቱን ጠርዝም እዩ። ጥርት ያለ ከሆነ ነገሩ ያለው ኔጋቲቩ ላይ ወይም ራሱ ወረቀቱ ላይ ነው። ድብዝዝ ያለ ከሆነ ከኔጋቲቩ ራቅ ያለ ነገር ጠርጥሩ፣ ለምሳሌ የኮንደንሰሩን (ከኔጋቲቩ በላይ ሆኖ የአምፖሉን ብርሃን የሚሰበስበውን) መስታወት። እዚያ ላይ ያለ ቆሻሻ የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ይበልጥ ይታያል።

ከዚያ ኔጋቲቩን መያዣው ውስጥ አዙራችሁ ሌላ ፎቶ እጠቡ። ምልክቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ከዞረ ኔጋቲቩ ላይ ነው፣ አለቀ። ምስሉ ዞሮ ምልክቱ እዚያው ቦታው ላይ ከቀረ ግን ኔጋቲቩን ተዉት፤ ጥፋቱ ከኢንላርጀሩ፣ ከወረቀቱ ወይም ከትሪዎቹ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወረቀት ከፓኮው አውጥታችሁ ምንም ብርሃን ሳታሳዩት በድፍን ጨለማ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ክተቱትና እንደተለመደው ጨርሱት። ንጹህ ነጭ መውጣት አለበት። ግራጫ ከሆነ ወይ ወረቀቱ አርጅቷል ወይ ቀድሞ ብርሃን ገብቶበታል።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ለማየት የምናበራውን፣ ወረቀቱን አይጎዳም የሚባለውን ቀይ መብራት መፈተሽ ግን ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ቀዩ መብራት ሥር ማቆየትና የሳንቲሙ ክብ ካልታየ «መብራቴ ደህና ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይሄ ፈተና አያስተማምንም። ወረቀት መጥቆር የሚጀምረው የተወሰነ ብርሃን ካገኘ በኋላ ነው። ከቀዩ መብራት የሚመጣው ትንሽ ብርሃን ብቻውን እዚያ ላይደርስ ይችላል፤ ከኢንላርጀሩ በመጣው ላይ ሲደመር ግን ያልፈዋል፣ እና ፎቶው ላይ ያሉት ነጫጭ ቦታዎች ሳናውቀው ይደፈርሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን ከኢንላርጀሩ ሥር፣ ያለ ኔጋቲቭ፣ ሲታጠብ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እንዲሆን ያህል ብቻ ብርሃን አሳዩት። ከዚያ ሳንቲሙን አስቀምጡበት፣ በምትሠሩበት ቦታ ቀዩ መብራት ሥር 5 ደቂቃ አቆዩትና እጠቡት። የሳንቲሙ ክብ ፈካ ብሎ ከታየ መብራታችሁ እያበላሸባችሁ ነው። አርቁት፣ አደብዝዙት ወይም ቀይሩት። መልቲግሬድ ወረቀት (የጥቁርና ነጩ ልዩነት በብርሃን ማጣሪያ የሚቀየርበት) ሰማያዊም አረንጓዴም ብርሃን ስለሚያይ ቀይ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ብዙ ጊዜ አይበቃውም።

በአንድ በኩል ብቻ የሚያጠቁር ጥላ ካያችሁ ኢንላርጀሩ ብርሃን ያፈስ እንደሆነ ፈትሹ። ሌንሱን በክዳኑ ግጠሙት፣ አምፖሉን አብሩት፣ ከሥሩ ወረቀት አስቀምጡና አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ወረቀቱን እጠቡት፤ ከጠቆረ ብርሃን ያፈሳል። ከኢንላርጀሩ ጭንቅላት (አምፖሉ ካለበት ክፍል) ስንጥቅ የሚወጣ ብርሃን ኋላ ካለ ነጭ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ግድግዳውን ጥቁር መቀባት ወይም ጥቁር ጨርቅ መስቀል ነው መድኃኒቱ።

አሁን ወደ እጃችን። ፎቶው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ እስኪችሉ ድረስ፣ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ጣቱ ላይ ፊክሰር (የወጣውን ምስል የሚያጸናው ኬሚካል) ነበረበት። ጥቁር ሆኖ ከወጣ ዴቨሎፐር ነው። ሰው ግን «እጄን ጠርጌ ነበር እኮ» ይላል። በምን ጠረጋችሁ? ፎጣውን እዩት። ፊክሰር የነካ እጅ ሲጠረግበት የዋለ ፎጣ፣ ንጹህ እጅ ቢደርቅበት እንኳ መልሶ ያቆሽሸዋል። እጅ በውሃ ይታጠባል፣ በሌላ ንጹህ ፎጣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ወረቀት የሚነካው። መቆንጠጫም እንደዚሁ ነው፤ የፊክሰሩ መቆንጠጫ በምንም ተአምር ወደ ዴቨሎፐር ትሪ አይመለስም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ምልክት ወረቀቱ ሲያዝ ታጥፎ ነው። ትንንሽ ክብ ፈዛዛ ነጥቦች ዴቨሎፐር ውስጥ የተለጠፉ የአየር አረፋዎች ናቸው፣ ወረቀቱን ባንዴ አጥልቃችሁ ትሪውን ወዘወዝ አድርጉት። ከጊዜ በኋላ የሚመጣ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ግን ብዙውን ጊዜ የደከመ ፊክሰር ወይም ያልበቃ እጥበት ነው። አርሲ ወረቀት (በፕላስቲክ የተሸፈነው) በሚፈስ ውሃ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ የሌለው) ግን ኬሚካሉን ውስጡ ድረስ ስለሚጠጣ፣ የማጠቢያ ማፍጠኛ ካልተጠቀማችሁ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ጊዜ ካጠራችሁ ቅድሚያ ለጥቁሮቹ ስጡ። ነጩን ነጥብ ፎቶው ከደረቀ በኋላ በቀጭን ብሩሽና በቀጠነ የሪተች (የፎቶ ማረሚያ) ቀለም መሙላት ይቻላል፣ በትንሽ በትንሹ እየደራረቡ፣ ከአካባቢው ጥላ ጋር እስኪመሳሰል። ጥቁሩን ለማንሳት ግን በኬሚካል ማንጣት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ከበዛ ቦታው ነጭ ይሆንና እሱንም መልሶ በብሩሽ መሙላት ይመጣል።