ማመኑ የማን ሥራ ነው?

እሁድ ከሰዓት፣ ሐዋሳ። ከሐይቁ በኩል ይመጣ የነበረው ነፋስ ቆሟል፤ እኔንም አንዳች ነገር ከብዶኛል። ምናልባት እትዬ መ. ጋ ለጥየቃ ሄደን የሰማሁት ይሆናል። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሲያስተካክል አንዷ እህት ጎንበስ ብላ «እንግዲህ እኛ ጸልየናል፤ የቀረው የእርስዎ እምነት ነው» አለቻቸው። እትዬ ብድር እንደተጠየቀ ሰው ዓይናቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጥለው «እሺ ልጄ» አሉ።

በቅንነት ነው ያለችው፤ ልቧን አውቀዋለሁ። ግን ይሄን ሸክም ለታመመ ሰው አሸክሙ ያለን ማን ነው?

ያዕቆብ 5፥14-15ን ረጋ ብሎ ያነበበ ሥራው እንዴት እንደተከፋፈለ ያያል። በሽተኛው የታዘዘው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎችን ያስጠራ። መምጣቱ፣ ዘይት መቀባቱ፣ በጌታ ስም መጸለዩ የሽማግሌዎቹ ነው። የእምነት ጸሎት የተባለውም እነሱ የሚጸልዩት ነው። እንግዲያውስ ፈውሱ ቢዘገይ «እምነት ጎድሏል» የሚባለው የተኛው ሳይሆን ቆሞ የጸለየው መሆን ነበረበት። (ይህን በጸሎት ቡድን ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ሻይ አይቀርብለትም።) ማርቆስ 2 ላይም አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ሽባውን አወረዱት፤ ኢየሱስ ያየው «እምነታቸውን» ነው፤ ሽባው ቃል ሲተነፍስ አልተጻፈም። ዮሐንስ 5 ላይ ያለው የ38 ዓመት በሽተኛ ደግሞ ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ እንኳ ያዳነው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

በድፍረት መጸለይን እያጣጣልኩ አይደለም። እንዲያውም «ፈቃድህ ከሆነ» የምትለዋን አንዳንዶቻችን የምንጨምራት ለትሕትና ሳይሆን ኋላ እንዳናፍር ነው። ለምጻሙ ግን (ማርቆስ 1፥40) «ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» ሲል በመቻሉ ቅንጣት ጥርጥር የለውም፤ መውደዱን ለባለቤቱ ተወለት። ሠለስቱ ደቂቅም እንደዚያው ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል ሲነግሥ፣ ከተማችን በእንግዳ ስትጥለቀለቅ፣ ከእቶኑ መውጣታቸው በየቤቱ ይተረካል። ገና ሳይጣሉ ለንጉሡ የነገሩት «ባያድነን እንኳ» (ዳንኤል 3፥18) ግን በእኛ በጴንጤዎቹ ጉባኤ ቶሎ ይታለፋል። አለማመን እንዳይመስልብን ይሆናል። እኔ ከዚያ የበለጠ ድፍረት አላውቅም፤ ያድነናል አሉ፣ ባያድነንም አንሰግድም አሉ፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሕመሙ ገና ያለበትን ሰው «ዳንኩ በል» የሚሉት ነገር ነው። ቤተ ሳይዳ ላይ (ማርቆስ 8፥22-25) ኢየሱስ ዕውሩ ላይ እጁን ጭኖ ሲያበቃ የሚታየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ልብ በሉ፣ ራሱ ጠየቀ። ሰውዬውም አላሳመረም፤ ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ይታዩኛል አለ። በእኛ መድረክ ቢሆን ማይኩ ወዲያው ይነጠቅ ነበር። ጌታ ግን አልገሠጸውም፤ ዳግመኛ እጁን ጫነ፣ ሰውዬውም አጥርቶ አየ። ስለ አንድ ነገር ደጋግሞ መለመን አለማመን ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ምን ያደርጉታል? ጌቴሴማኒ ላይ ኢየሱስ ራሱ ያንኑ ጸሎት 3 ጊዜ ጸልዮ የለ? ጳውሎስስ ስለ ሥጋው መውጊያ 3 ጊዜ ለምኖ የለ?

ነገሩ ክርክር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን መድኃኒት ያስቋርጣል። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደ ሕክምና 6 ወር ነው፤ መጀመሪያ 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር 2 ዓይነት። ሳሉ ጋብ የሚለው፣ የሌሊቱ ላብ የሚቀረው፣ ሰውዬው እንጀራ የሚያሰኘው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ምስክርነት የሚሰጠው ያኔ ነው፤ ኪኒኑ የሚጣለውም ያኔ። ውስጥ የቀረው ጀርም አልሞተም፤ ሲያገረሽ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመጣ ይችላል። ደም ግፊት ደግሞ ሲጀምርም ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ «ቀለል ብሎኛል» ማለት ወርዷል ማለት አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንዴ ሲቆም ብሶ ሊጥል ይችላል። ያለ ኢንሱሊን የማይኖር ሰው መርፌውን ቢተው በቀናት ውስጥ ለሞት ይደርሳል። ለንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት በተጨመረለት ጊዜ እንኳ የበለስ ጥፍጥፍ እብጠቱ ላይ ተደርጎለታል። አሥሩም ለምጻሞች መንጻታቸውን ለሚመረምረው ካህን ታዩ ተብለው ነው የተላኩት፤ እውነተኛ ፈውስ ላቦራቶሪ አይፈራም። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበሉንና የኤችአይቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ስንቱን አድኖ ይሆን።

አልጋ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ከጸሎቱ በፊት «ምን ብለን እንጸልይልዎ?» ማለት ይቀድማል። በርጤሜዎስ ዕውር መሆኑ እየታየ እንኳ ኢየሱስ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆታል። በሽተኛው ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የልጁ ነገር ሊሆን ይችላል የከበደው። እጅ የሚጫነው ታጥቦ፣ አስፈቅዶ፣ ትከሻ ወይም ግንባር ላይ ነው፤ ቁስሉም ግሉኮሱ የገባበት ክንድም አይነካም። ዘይቱ ግንባር ላይ ጠብ ካለ ይበቃል፤ አይጠጣም፣ ቁስል ላይም አይፈስም። ሁለት ሦስት ሰው በቂ ነው። ጩኸቱ ፈውሱን አያፈጥነውም፤ የጎረቤት አልጋ በሽተኛን ግን ይቀሰቅሳል። ቀን ቆርጦ «እስከ ሐሙስ ትነሣለህ» ማለትማ አይሞከርም፤ ሐሙስ ሲመጣ ተናጋሪው አይገኝም። ሲወጣ የሚጠየቀው ዛሬ ማታ አስታማሚው ማን ነው፣ እራት ማን ያመጣል የሚለው ነው።

አሁን እየከነከነኝ ያለው ግን ጥሮፊሞስ ነው። የኤፌሶን ሰው ነው። ኤፌሶን ማለት የጳውሎስን ሰውነት የነካ ጨርቅ እየተወሰደ በሽተኛ የተፈወሰባት ከተማ ናት። ያው ጳውሎስ ይህን የገዛ ወዳጁን፣ ከኤፌሶን ብዙም በማትርቀው በሚሊጢን ታሞ ተወው (2 ጢሞቴዎስ 4፥20)። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማብራሪያ የለውም፣ እምነት አንሶት ነው የሚል ወቀሳም የለበትም። ሲሰናበተው ምን ብሎት ይሆን? እኔ ብሆን «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ብዬ ወደ ወደቡ ለመሮጥ የሚቀድመኝ አልነበረም።