ፎርማጆ ሲያሳድዱ

ከለንደን ግሎስተር በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከመንገዱ የማስታውሰው ተኝቼ አንገቴ መቀጨቱን ብቻ። ባለታክሲውን ግን አልረሳውም። የበዓል ሰኞ ነው ብሎ 30 ፓውንድ ከተቀበለኝ በኋላ መንገዱ ተዘግቷል አለና ብሮክዎርዝ መንደር ዳር አወረደኝ። ፎርማጆ የሚያሳድዱበትን ውድድር ለማየት የቀረውን በሳማ እየተለበለብኩ ወጣሁት። ቀኑ ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።

ኩፐርስ ሂልን ከታች ሲያዩት ኮረብታ፣ ከላይ ሲያዩት ገደል ነው። ቁልቁለቱ 180 ሜትር ያህላል። ከአናቱ ከሦስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ድቡልቡል ፎርማጆ ይለቀቃል፤ ሰው ይከተለዋል፤ ቀድሞ ታች የደረሰ ፎርማጆውን ይወስዳል። ሽልማቱ ይኸው ነው። ሩጫ ይሉታል እንጂ ብዙ የሚሮጥ አላየሁም፤ ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ መንከባለል። ታች ደግሞ ግንብ የሚያካክሉ የራግቢ ተጫዋቾች ቆመው የሚወርደውን ሰው እንደ ጆንያ ይቀበላሉ።

በእኛ ቤት የወደቀ ቁራሽ ተነሥቶ ይሳማል፤ እናቴ ይህን ብታይ ትቀየም ነበር። አጠገቤ ለተቀመጡትና ከቴርሞሳቸው ሻይ ለቀዱልኝ አሮጊት ይህንኑ ነገርኳቸው። አልተቀየሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ምግብ በራሽን ሲታደል የሚንከባለለው ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ ቁራጭ ፎርማጆ ብቻ ውስጡ ይሸጎጥ ነበር አሉኝ። ከዚያ ወደ መንደራቸው ልጅ ወደ ክሪስ አንደርሰን ተሻገሩ፦ 23 ጊዜ አሸንፎ ባለፈው ዓመት በቃኝ ብሏል። ቁጥሩን ሲናገሩ የገዛ ልጃቸውን የዳሩ ይመስሉ ነበር።

በገና ጨዋታ ጥርሱ የረገፈ ጎረቤት ነበረን። ቢሆንም እኛ የምንማታው እርስ በርስ ነው፤ እነዚህ ራሳቸውን ከመሬት ጋር ያማታሉ።

በሴቶቹ ውድድር አንዲት ልጅ መሃል ላይ ጭንቅላቷ ሲመታ አየሁ። ከዚያ በኋላ እጅና እግሯ እንደ ጨርቅ እየተወራጨ ወረደች፤ መስመሩን ከሁሉም ቀድማ አለፈች፤ አልተነሣችም። የ19 ዓመቷ ካናዳዊት ዴላኒ ኧርቪንግ መሆኗን ማታ ዜና ላይ አነበብኩ። እኔ ሻዬን ደፍቼ ቆሜያለሁ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ልጅቷን ከበዋታል።

«ማሸነፏን እንኳ አታውቅም እኮ!» አልኩ።

«የሕክምናው ድንኳን ውስጥ ስትነቃ ይነግሯታል» አሉና አሮጊቷ የቴርሞሳቸውን ክዳን ገጠሙ።