ባርነትን በፊልም ሳስተምር ያበላሸኋት አንዲት ክፍለ ጊዜ

ከእኔ በፊት የሞከረ አንድ ሰው «ተው፣ እዚህች ጋ ተጠንቀቅ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ሲደርስ ተማሪው ቁጥሩን ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። ፊልም ያመጣሁት ለዚህ ነው።

የመረጥኩት የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። የሠራው የጎንደር ልጅ መሆኑን ስትነግሯቸው ክፍሉ ወዲያው ጆሮውን ያቀናል። ጋና ውስጥ ኬፕ ኮስት ግንብ ላይ ፎቶ ስትነሳ የነበረች የዘመናችን ሴት ወደ ምድር ቤቱ ትወርድና በሰንሰለት ከታሰሩት መሀል ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ የምትኖረው በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ነው። ሙሉውን አታሳዩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ መድፈርና ግርፋትም አለበት። እያንዳንዳቸው ከስድስት ደቂቃ የማይበልጡ ሦስት ቁራጮች ይበቃሉ። አንደኛው ምድር ቤቱ ነው፤ ልብሷን ገፈው በጋለ ብረት የሚተኩሷት ጋ ሳይደርስ ይቆረጥ። ሁለተኛው ጅራፍ የያዘው አለቃ ራሱም ጥቁር ባሪያ መሆኑ የሚታይበት ነው። ሦስተኛው ከነጭ የተወለደው ጆ ከእናቱ ጋር የማይግባባበት።

ፈቃዱ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ደብዳቤዬ ላይ «ፊልም» የሚል ቃል ስለነበረ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ መዝናኛ ነው ተባለ። በሦስተኛው «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» ብዬ ጻፍኩ፣ በዚያው ቀን ማኅተም ተመታበት። ያነበበው ያለ አይመስለኝም። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ። ፕሮጀክተሩን ከአንድ ቀን በፊት ከስፒከሩ ጋር አያይዛችሁ ሞክሩ። ቁራጮቹን ላፕቶፕ ላይ ገልብጡ እንጂ ከፍላሽ አታጫውቱ፤ መብራት ከጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ለአሥር አሥር ተማሪ እያዞራችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር አድርጉለት። በኖትፓድ ይሠራል፦ ተራ ቁጥር፣ ከሥሩ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ከሥሩ አማርኛው። ሴኮንዱን ከሚሊሴኮንዱ የሚለየው ነጠላ ሰረዝ የእንግሊዝኛው ይሁን፤ የአማርኛውን ካስገባችሁ አይሠራም። ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ካላደረጋችሁ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፊልሙን በምታጫውቱበት ቪኤልሲ ላይ ደግሞ የጽሑፉን ፎንት ኒያላ አድርጉት፤ አለዚያ ባዶ ሳጥን ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ለአንድ መስመር ቢያንስ አራት ሴኮንድ ስጡ። ኋላ የተቀመጠ ልጅ ከዚያ ባነሰ አያነብም።

እስከዚህ ድረስ ያለው በሁለት ምሽት ያልቃል። የተበላሸው ከፊልሙ በኋላ ነው።

የማስተማሪያ ዘዴ ሥልጠና የወሰደ ሁሉ «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ያውቃል፤ ድራማ፣ ጭውውት፣ ሚና ጨዋታ። እኔም የተባልኩትን ይዤ፣ ከምድር ቤቱ ቁራጭ ቀጥዬ የጨረታ ገበያ ተጫወቱልኝ አልኩ። ሻጭ፣ ገዢ፣ የሚሸጥ ሰው። ማን የቱን እንደሚይዝ ራሳቸው ይምረጡ ብዬ ተውኩት። ምርጫው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየው አንድ ልጅ ነው፤ መልኩ ከሁሉም የጠቆረ፣ ቤተሰቡ ከመተከል በኩል የመጣ። «እሱ ምን ማስመሰል ያስፈልገዋል፣ ቲቸር!» አለ አንዱ ከመሀል። ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተማታ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ፊት ያዞረ ወይም የተቆጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አብሮ መሳቁ የለመደው ነገር መሆኑን ነገረኝ። እኔ ምን አልኩ? «ቀልዱን ተዉና ሥራችሁን ሥሩ።» ቀልድ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰኞ ልጁ አልመጣም፤ ሲመጣም በር አጠገብ ተቀመጠ።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፣ ስህተቱ ልጆቹ ባለጌ መሆናቸው አይደለም። ፊልሙ የሰጣቸው ባሪያ የአሜሪካ ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ከቤታቸው የመጣ ነው። ሚናውን ሳድል ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ያለ ምንም ዝግጅት። ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ ባርነትን በሚና ጨዋታ አታስተምሩ። ገዢ የሆነው ልጅ መግዛት ደስ ይለዋል፤ የተሸጠው ልጅ ምንም አዲስ ነገር አይማርም።

በሌላው ክፍል እንዲህ አደረግሁ። መጀመሪያ ደንብ፦ «ባሪያ» የሚለው ቃል ሰነድ ላይ እንደተጻፈ ይነበባል፣ በሕይወት ላለ ሰው አይነገርም። ቃሉን ጭራሽ አታንሱ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም፣ ያልተነሳ ቃል ዕረፍት ሰዓት ላይ ይነሳል። ቀጥሎ ወረቀት አደልኩ፣ ስም የለበትም። የፊልሙን ሰዎች መልክ እኛ ገበያ ላይ በምንልበት ቃል ጻፉ አልኳቸው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለው ጻፉ። ጆ የሚባለውን አብዛኛው «ቀይ» አለው። ከዚያ የቨርጂኒያን ሕግ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1662 የወጣ ነው፦ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፣ እናቱ ባሪያ ከሆነች አባቱ ማንም ቢሆን ባሪያ ነው። አንዷ እጇን አውጥታ «ታዲያ ቀይ መሆኑ ምን ፈየደለት?» አለች። ዘር የሚባለው በቆዳ ሳይሆን በሕግ እንደተሰመረ ለማስረዳት ሌላ ሃያ ደቂቃ ባወራ ከዚህች ጥያቄ አልበልጥም ነበር።

ወደ አገራችን መምጣት ያለባችሁ ከዚህ በኋላ ነው። ከራሳችን ከጀመራችሁ አፍ ይዘጋል። እኔ ያነሳሁት የጁቤ አጠገብ የነበረውን የባሶ ገበያ ነው፤ ልጆቹ ቦታውን ያውቁታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ይመጣበት ነበር። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉት የዚያን ማዶ አገር ሀብትና ንግድ ለመያዝ ነው። ከመተከል ቆላም ጉሙዞች እየታደኑ ይወሰዱ ነበር። «ይህ ጣሊያን ያወራብን ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ለወረራው ሰበብ አድርጎታል፣ እውነት ነው፤ ግን ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ በዚያው ዓመት አዋጅ አውጥታለች። በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ዓመቶቹን ሰሌዳው ላይ ጻፉና አያቶቻችሁ የተወለዱበትን ዓመት በልባችሁ አስሉ በሏቸው። ጮክ ብሎ የሚመልስ አይኑር።

«ጨዋ» የሚለውን ቃልም አንሱት። ዛሬ ሥነ ምግባር ያለው ማለት ነው፤ ድሮ ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የታወቀ ማለትም ነበር። ክፍሉ ዝም ያለው በባሶ አይደለም፣ እዚች ጋ ነው።

የቤት ሥራ ብላችሁ «ቤት ሄዳችሁ ሽማግሌ ጠይቁ» እንዳትሉ። የቃል ታሪክ መሰብሰብ ጥሩ ነው ይባላል፤ ገጠር ቀበሌ ግን የማን አያት ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ በጋብቻና በመሬት ጠብ ጊዜም ይነሳል። ልጅ ይዞት የሚመጣው ወሬ የጎረቤቱን ስም ይዞ ነው።

ቀኑን ደግሞ ዓርብ አታድርጉት። እኔ ያበላሸሁት ዓርብ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የልጁ ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፣ እኔ ክፍሉን ያገኘሁት ሰኞ። ማክሰኞ አሳዩ፤ የተበላሸ ነገር ካለ ረቡዕ ጠዋት እዚያው ትገናኛላችሁ።