ማይክሮን፣ ፌስታልና የጋሼ መልስ

እኔ የምሰራው ፌስታል ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ፌስታል ይታገድ አይታገድ የሚለው ክርክር ከተነሳ ወዲህ ሥራህ ምንድነው ሲሉኝ "ማኑፋክቸሪንግ ነገር" ብዬ ነው የማልፈው፣ ምክንያቱም እውነቱን ከተናገርኩ ወይ የባህር ኤሊ በእጄ አንቄ የገደልኩ ይመስል ያፈጡብኛል ወይ ደግሞ "እና ካገዱት ይሄ ልጅ የት ይውደቅ" ብለው እኔን ምስክር አድርገው ከሌላ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ሁለቱም ያደክማል። ግን አንድ ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር አለ፣ እሱን ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥራውን ትንሽ ላስረዳ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ጥሬ ዕቃው ፖሊኢትሊን የሚባል ፍሬ ፍሬ ፕላስቲክ ነው፣ ማሽኑ ያቀልጠውና በክብ አፍ በኩል ያወጣዋል፣ መሃሉ ላይ አየር ይነፋበታል፣ ረጅም ፊኛ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እዛ ላይ ያሉት ሁለት ሮለሮች ጨፍልቀው ይጎትቱትና ይጠቀለላል። ከዛ በሙቀት ይበየዳል፣ ይቆረጣል፣ እጀታው ይወጣለታል፣ በቃ ፌስታል ሆነ። ውፍረቱን በዋናነት የሚወስነው ምን ያህል ቀልጦ እንደሚወጣና ሮለሩ በምን ፍጥነት እንደሚጎትተው ነው። ፈጠን ካለ ይሳሳል፣ ቀስ ካለ ይወፍራል። የኔ ሥራ ደግሞ ከጥቅልሉ ናሙና ቆርጬ ውፍረቱን መለካት፣ መመዘን፣ ጎትቼ መቅደድና መመዝገብ ነው። የምንለካው በማይክሮን ነው፣ አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ። ያ የምታውቁት ኮሽ ኮሽ የሚለው ስስ ፌስታል 15 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ የራስ ፀጉራችሁ በአብዛኛው ከሱ በብዙ ይወፍራል።

ማሽኑ ላይ ያሉትን ሰውዬ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዳይሬክተሩም ጭምር። ፊኛውን ቀና ብለው አይተው "ዛሬ ሁለት ማይክሮን ወፍሯል" ይሉኛል፣ እኔ መሳሪያ ይዤ ስለካው አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው ልክ ናቸው። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እና ረቂቅ ደንቡ መጣ። ከ50 ማይክሮን በታች የሆነ ፌስታል ማምረትም ማደልም ክልክል ነው ይላል፣ ከዛ በላይ የሆነው ግን "ተመላልሶ የሚያገለግል" ተብሎ ይፈቀዳል። ለሕዝብ ውይይት ቀረበና ፋብሪካውም ተወካይ ላኩ ተባለ። የሽያጭ ኃላፊያችን ዋና ተናጋሪ ሆነ፣ እኔ የቴክኒክ ጥያቄ ከመጣ ተብዬ፣ ጋሼ ደግሞ "የሰራተኛው ድምፅ" ተብለው ተመረጡ። ኮት ይልበሱ ሲሏቸው የሥራ ቱታዬን ነው የምለብሰው አሉ፣ የሽያጩ ሰውዬ መጀመሪያ ቅር አለው፣ ትንሽ አሰበና "እንደውም ቱታው ይሻላል" አለ። ገባችሁ አይደል ለምን እንደፈለጋቸው?

ስብሰባው መጀመሪያ ላይ እንደሚጠበቀው ነበር። ከአካባቢ ጥበቃ በኩል የመጣች ልጅ ተነስታ ስለ ባንግላዴሽ ተናገረች፣ በ1988 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ጎርፉ አገሩን ሲያጥለቀልቀው ፌስታል የውሃ መውረጃውን እንዴት እንደደፈነውና በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር እንደሆነች። ቀጥላ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ኬንያ ውስጥ ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስር ወይ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ እንደሚደርስ። የኛ ሰውዬ ቀበል አደረገና እዛው ባንግላዴሽ በ2024 መንግሥት ያንኑ እገዳ እንደ አዲስ ለማስከበር መነሳቱን አነሳ፣ ሕግ ማውጣት ሌላ ማስከበር ሌላ አለ፣ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጥሩ ነበር።

ከዛ የሚወዳትን ቁጥር አወጣት። በ2018 ዴንማርክ ውስጥ በተሰራ ጥናት አንድ የጥጥ ቦርሳ ከፌስታል የተሻለ ለመሆን 7,100 ጊዜ ማገልገል አለበት። አዳራሹ ጉድ አለ። ልጅቷ ግን ጥናቱን አንብባዋለች! "7,100 የሚመጣው ሁሉም የአካባቢ መለኪያ አንድ ላይ ሲታይ ነው፣ ቁጥሩን የሚሰቅለውም የኦዞን ሽፋን ጉዳት ነው፣ ለአየር ንብረት ብቻ ከሆነ 52 ጊዜ ይበቃል ይላል፣ መንገድና ባህር ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ደግሞ ጥናቱ ውስጥ አልተቆጠረም" አለችው። እሱም ውሃውን ጎንጨት አለ። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው የቁጥሩን ወንድም አብሮ ካላመጣ እንዲህ ነው የሚሆነው። እኔ ዝም ብዬ ነው የማየው፣ ደሞዜን የሚከፍለኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሰራተኛው ጉዳይ የተዞረው። የኛ ሰውዬ በደብዳቤ አስቀድሞ ለ"ቴክኖሎጂ ሽግግር" የሁለት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ጠይቆ ነበር። ሰብሳቢው ደብዳቤውን እያየ ወደ ጋሼ ዞሮ በአክብሮት "አባቴ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰሩት እርስዎ ነዎት፣ እስቲ ይንገሩን፣ አሁን ከምታመርቱት ወደ 50 ማይክሮን ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?" አላቸው።

ጋሼ ጥያቄው ያልገባቸው መሰሉ። "የምኑ ጊዜ?"

"ማሽኑን ለመቀየር።"

"ማሽኑ ምን ሆነና ይቀየራል? ሮለሩን ዘገም ማድረግ ነው እንጂ። ጠዋት ብትነግሩኝ ለምሳ ስንወጣ 50 ይወጣል።"

የሆነ ሰው ከኋላ ሳቀ። የሽያጩ ሰውዬ ፊት ምን እንደሚመስል ለማየት አልደፈርኩም። በነገራችን ላይ ሙያውን የምታውቁ እንዳትስቁብኝ፣ ማቀዝቀዣ አየሩን ማስተካከል አለ፣ መበየጃውን ሙቀት መጨመር አለ፣ አንዳንዴም የጥሬ ዕቃውን ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል፣ ግን በመሰረቱ ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነገር የለውም።

ልጅቷ እጇን አወጣች። እኔ እሷ ደስ ብሏት "አያችሁ፣ ዛሬውኑ ሊተገበር ይችላል" የምትል ነበር የመሰለኝ። እሷ ግን ፊቷ ተቀይሯል። "ጋሼ፣ ያኛው ፌስታል ስንት እጥፍ ፕላስቲክ ይፈጃል?" አለች። ጋሼ ወደኔ ጠቆሙ፣ "እሱ ነው የሚመዝነው፣ ይንገራችሁ።" ተነሳሁ፣ ስፋቱ እኩል ከሆነ ከ15 ወደ 50 ማይክሮን ሲሄድ ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል አልኩ። ሌላ ምን ልበል፣ ሚዛን የሚለው ይሄንኑ ነው።

ረቂቁን ካዘጋጁት አንዱ ትንሽ ተቆጣ መሰለኝ፣ "ሐሳቡ እኮ ወፍራም ሲሆን ሰው ደጋግሞ እንዲጠቀምበት ነው" አለ። ጋሼ ደግሞ ማይኩ ገና እጃቸው ላይ ነው፣ "ፌስታሉማ ይችላል ጌታዬ፣ መቶ ጊዜም ቢሉት ይችላል። ሰውየው ነው የማይችለው" ብለው ተቀመጡ።

ይህቺን ነገር ቀለል አድርጌ ሰምቻት ነበር፣ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በትክክል የሆነው ይሄው ነው። በ2014 ሕግ አወጡ፣ በ2016 በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ፣ ስሱ ፌስታል ከካሸሩ ጠፋ፣ ግን 57 ማይክሮን ገደማና ከዛ በላይ የሆነው "ተመላልሶ የሚያገለግል" ተብሎ በክፍያ ተፈቀደ። መስፈርቱም ቀላል አልነበረም፣ 10 ኪሎ ያህል ይዞ ከ50 ሜትር በላይ 125 ጊዜ መሄድ መቻል አለበት ይል ነበር። እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያን ፈተና የሚያልፍ ፌስታል አውጣ ብትሉኝ አወጣለሁ። ግን ሰው ገዝቶ ቤቱ ወስዶ የጣለውን ፌስታል 125 ጊዜ እንዲያመላልሰው የኔ ውፍረት መለኪያ ምን ሊያደርግ ይችላል? በ2014 ሰው የጣለው የፌስታል ክብደት 157,385 ቶን የነበረው በ2022 231,072 ቶን ደረሰ። ከእገዳ በኋላ ጨመረ ማለት ነው! በመጨረሻ በ2024 ሌላ ሕግ አውጥተው ከ2026 ጀምሮ ወፍራሙንም ከለከሉት። አንዷን ቀዳዳ ለመድፈን አሥር ዓመት።

አየርላንድ የሄደችበት መንገድ ደግሞ እንደ ጥራት ባለሙያ በጣም ነው የገረመኝ። በ2002 እገዳ አላወጡም፣ ካሸር ላይ በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም አስከፈሉ፣ አንድ ሰው በዓመት 328 ያህል ይጠቀም የነበረው ወደ 21 ወረደ። ተመልሶ ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር በ2007 ክፍያውን 22 ሳንቲም አደረጉት። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ተመላልሶ የሚያገለግለውን ከክፍያው ነፃ ሲያደርጉ የለዩት በውፍረት ሳይሆን በዋጋ ነው፣ ከ70 ሳንቲም በታች የማይሸጥ ከሆነ ነፃ ነው። ውፍረትን እኔና ጋሼ ሮለር እያስተካከልን ልናልፈው እንችላለን። ገዢው ኪሱ ገብቶ የሚያወጣውን ግን ማሽን ላይ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ 70 ሳንቲም የከፈለበትን ሰው ዝም ብሎ አይጥለውም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ስንመለስ መኪና ውስጥ የሽያጩ ሰውዬ ረጅም መንገድ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" አላቸው። "ጠየቁኝ፣ መለስኩ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ ቢሮ ስንጠራ እፎይታ ጊዜው ስለተበላሸ ነው የሚቆጡን ብዬ ነበር የገባሁት። ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ዳይሬክተሩን ያናደደው የእፎይታው ጉዳይ አይደለም፣ የ50 ማይክሮኗ መስመር ጥያቄ ውስጥ መግባቷ ነው። ለካ እኛ ጅምላ የምንሸጠው በኪሎ ነው! ይሄን ሁሌ የማውቀው ነገር ነው፣ ግን ከደንቡ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። የሚሸጠው ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ እንኳ እያንዳንዱ ከሦስት እጥፍ በላይ ከመዘነ በኪሎ ሲታይ ሽያጩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ማለትም አደባባይ ላይ ቆመን "ይሄ ደንብ ይገድለናል" እያልን የምንጮህበት ደንብ ውስጡን ለኛ የተሰፋ ነበር፣ ጩኸቱ ደንቡ ትንሽ ዘግይቶ እንዲጀመር ብቻ ነበር። ለእገዳው የሚሟገቱት ደግሞ ሳያውቁት ለኛ ሲሟገቱ ነበር። ሁለቱም ወገን በተቃራኒው በኩል ተሰልፎ ነበር ማለት ነው፣ ጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው አተራመሱት።

አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከዛሬ አልነገሩኝም። ጠይቄያቸዋለሁ። "አንተ መለካትህን ቀጥል፣ እኔ አልጠይቅህም" ነው ያሉኝ።

ረቂቁ ሲመለስ የማይክሮኗ መስመር ወጥታ በቦታዋ ካሸር ላይ የሚከፈል ክፍያ ገብቷል፣ ሻጩ ክፍያውን እንዳይተው፣ በደረሰኝ ላይም ለብቻው እንዲታይ ተብሎ። የመጨረሻው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ክርክሩ አላለቀም። እኛ ጋ ግን ቀድሞ ሥራው ተቀየረ፣ አንዱ ማሽን አሁን የቆሻሻ ከረጢት ነው የሚያመርተው። ይሄም የሽያጩ ሰውዬ ሐሳብ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዚያ ሕግ በፊት ከተሞች በየራሳቸው ማገድ ሲጀምሩ ሰው ቤቱ ቆሻሻ የሚያወጣበት ነፃ ፌስታል ስላጣ የትንንሽ ቆሻሻ ከረጢት ሽያጭ ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ በ2019 የወጣ ጥናት ላይ አንብቦ ነው። ከካሸር ላይ ከጠፋው ፕላስቲክ ወደ 28 በመቶ የሚሆነው በዚህ በኩል ተመልሶ እንደገባ እዛው ጥናት ላይ አለ። ልጅቷ ይሄን ስትሰማ ምን እንደምትል እንጃ፣ ከሰባ በመቶ በላይ እኮ ቀርቷል የምትል ይመስለኛል፣ እውነቷንም ነው።

ለጊዜው ፋብሪካው ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ከረጢቱን አሁን የምናወጣው 20 ማይክሮን ነው። የሽያጩ ሰውዬ ይሄኛው በፍሬ ስለሚሸጥ ወደ 16 ይውረድ ይላል፣ ጋሼ ደግሞ እርጥብ ነገር ሲገባበት ታቹ ይሄዳል ብለው ሮለሩን አላፈጥንም ብለዋል፣ እኔ በመሃል ናሙና እየቆረጥኩ ውሃ እየሞላሁ እያንጠለጠልኩ ነው።