ጃኬት በድሬ ሙቀት

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ሻይ እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ጃኬት ለብሰው መጡ። በዚህ ሙቀት! ለካ ወገባቸው ላይ ያለውን ሽጉጥ ለመሸፈን ነው (ፈቃድ አለኝ ይላሉ)። «ጋሼ፣ ሌባ ድንገት ቢመጣብዎ እጅዎ ይደርስበታል?» አልኳቸው። ሊያሳዩን ተነሱ። ዚፑ እምቢ አለ። ላባቸው እየተንጠባጠበ ሲታገሉት እኔ ሻዬን ጨረስኩ። ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ቢሳካላቸውስ የሚለው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ መልሱም ከመጠን ማለፍ የለበትም። ታዲያ ስልክ ነጥቆ የሚሮጥ ልጅ ጀርባ ላይ መተኮስ የቱ ጋ ይገባል? ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ ባለው ታይዋን በሚባለው ገበያ ግርግር መሃል የሳተች ጥይት ማንን እንደምታገኝ አስቡት።