ሌላኛው እግር

ዛሬ ማንም ባያናግረኝ ደስ የሚለኝ ዓይነት ቀን ነው። ምክንያት የለውም፤ እንዲሁ ከእንቅልፌ ስነሳ አኩርፌ ነበር። ስልኬን ላጠፋው ስል አክስቴ የላኩት ፎቶግራፍ ደረሰኝ። በሙቀት ካሜራ የተነሳ የሁለቱ ውስጥ እግራቸው ምስል ነው። ጣቶቹ ሰማያዊ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ ከግራው አውራ ጣት ሥር ደግሞ ደማቅ ቀይ ነጥብ። ከታች «አያምርም?» ብለው ጽፈዋል። እሳቸው እንዲህ ናቸው።

ሲታይ ያምራል፤ ግን ቀለሙ የእግራቸው አይደለም። ሙቀት ቀለም የለውም። ቆዳችን ቀን ከሌት ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃል፤ ካሜራው ይህን ይለካና ለሞቀው ቀይ፣ ለቀዘቀዘው ሰማያዊ ይቀባለታል። ጨረሩን በ1800 ያገኘው ዊልያም ኸርሸል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ይበልጥ ሞቀበት። ዩራነስን ያገኘውም እሱ ነበር። ሰማይ ሲያስስ የኖረ ሰው ግኝት ዞሮ ዞሮ የአክስቴን ተረከዝ መመርመሪያ ሆነ።

ነጥቡ ግን ቀልድ አይደለም። የስኳር በሽታ ለዓመታት ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። ጤነኛ ሰው ጫማው ሲጨቁነው ያነክሳል፣ ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ያዞራል፣ ካልሆነም ጫማውን ያወልቃል። የደነዘዘ እግር ግን ያንኑ ቦታ ሺህ ጊዜ ይረግጠዋል። ሥጋው ከውስጥ ይቆጣል፣ ደም ይጎርፍለታል፣ ይሞቃል። ቆዳው ተከፍቶ ቁስል የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ከሙቀቱ እስከ ቁስሉ ያለችው ጊዜ ናት ወርቋ፤ በዚያች ጊዜ እርምጃ መቀነስ፣ ጫማ መለወጥና ሐኪም ማማከር ይቻላል።

እኔን የያዘኝ ግን «ሞቀ» የሚባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚለው ነገር ነው። የአንዱ ሰው እግር በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው፤ የሌላው ይሞቃል፤ የክፍሉ አየርም ይለውጠዋል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የሚደረገው የግራውን ነጥብ ከቀኙ ተመሳሳይ ነጥብ ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ከ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈና በማግስቱም ካልጠፋ፣ ጉዳይ አለ ማለት ነው። ለካሜራ አቅም የሌለው በተራ የቆዳ ቴርሞሜትር በእያንዳንዱ እግር ስድስት ቦታ እየለካ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ልጅነቴን በሙሉ «ታላቅህን አታይም?» ሲባልብኝ ላደግሁ ሰው፣ ማወዳደር በመጨረሻ ሳይንስ ሆኖ ሲመጣ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደግሞም ወንድም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ሁለቱም እግሮች አንድ ቦታ ላይ እኩል ቢቆጡ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ካሜራውም ሰላም ነው ይላል። አንደኛው እግር ደሙ በደንብ የማይደርሰው ከሆነም ይቀዘቅዛልና፣ ጤነኛው ወንድሙ ያለ ጥፋቱ የሞቀ ይመስላል። እንዲያውም እኔ...

ይቅር። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። አንድ እግሩን ቀድሞ ያጣ ሰውስ? የቀረችው እግሩ ከማንም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፤ ማስተያያዋ ግን የለም። ከትናንትናዋ ጋር ትነጻጸር ይባል ይሆናል፤ ትናንት ግን አየሩ ሌላ፣ የተረገጠው መንገድ ሌላ። ታዲያ መሞቋ በምን ይታወቃል?

ይህን እያብሰለሰልኩ ስኳር የሌለብኝ ሰው ካልሲዬን አውልቄ እግሮቼን በእጄ ጀርባ መለካት ጀመርኩ። ቀኙ ሞቋል፤ በግልጽ ሞቋል። ደነገጥኩ። ስለ ነርቭ፣ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ቀሪ ዕድሜዬ ማሰብ ጀመርኩ። ከመለካት በፊት እግርን ከጫማ አውጥቶ ማሳረፍ እንደሚገባ ያነበብኩት ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። ለካስ ቀኝ እግሬን ይህን ሁሉ ስፈላሰፍ ከሥሬ አጥፌ ተቀምጬበት ኖሯል።